እርጥበት ላለበት ቤት የፕላስቲክ ቦክስ ወይስ የብረት? ከአመራረጥ እስከ አገጣጠም

ሰኔ ግም ሲል የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ግድግዳው ውሃ ይዟል። የሶኬቱን ቦክስ ፕላስቲክ ላድርገው ወይስ ብረት?» አንዱ «ፕላስቲክ አይዝግም» ተብሎ ተመክሯል። ሌላው «ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ብረት አድርግ» ተብሏል። ሁለቱም መካሪዎች አልዋሹም። ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለውታል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ተራ ቦክስ፣ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ውሃ አያስቆምም። የፕላስቲክና የብረት ልዩነት የሚታየው ውሃ ከገባ በኋላ ነው። የብረት ቦክስ ኧርዝ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ከሌለው እርጥበቱ ከፌዝ ሽቦው (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው) ወደ ቦክሱ መንገድ ይሠራል። ያኔ ቦክሱ፣ ክዳኑን የያዘው ብሎን፣ አንዳንዴም እርጥቡ ግድግዳ ራሱ መንዘር ይጀምራል። የፕላስቲክ ቦክስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ግን ውስጡ ያለው ግንኙነት ላልቶ ሲግል ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ መናኛ ከሆነም ይቀጣጠላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ኧርዙ፣ በመጨረሻ ቦክሱ ነው። ሰው ግን ሁሌም ከመጨረሻው ይጀምራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

«ብሬከር ስላለ ችግር የለም» የሚል አለ። አለ፣ ችግር አለ። ገላው የረጠበ ሰው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ በግምት 1,000 ኦህም ነው። 220 ቮልትን ለ1,000 ስናካፍል 0.22 አምፔር ይመጣል፤ በሌላ አነጋገር 220 ሚሊ አምፔር። ይህ መጠን ይገድላል። ተራ ብሬከር ደግሞ 10 ወይም 16 አምፔር እስኪታለፍ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ሰውዬው ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም።

መብራት ሄዷል ብላችሁ ሽቦ አትንኩ። መቼ እንደሚመጣ አታውቁም። ጎረቤት ወይም አከራይ ጄኔሬተር ካለው ደግሞ ኤሌክትሪኩ ባላሰባችሁት በኩል ሊመጣ ይችላል።

ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። እዚያ አትግቡ። የቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ውሃ ካያችሁም አትክፈቱ፤ ለእነሱ አመልክቱ።

ግድግዳውን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን መመሪያ ማንበብ አቁሙ። ዋናውን ብሬከር አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቴስተር እና መልቲሜትር። ቴስተሩ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ሴጌቶ
- ቦክስ፤ ጠለቅ ያለውን ምረጡ። 47 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ከ35ቱ ይሻላል።
- የማይዝግ ወይም የነሐስ ብሎን
- ከኮንዲዩት ቱቦው (ሽቦው ከሚያልፍበት) ጋር ልክ የሚሆን መግቢያ። በግልጽ ለሚሄድ ኬብል ግላንድ፤ ኬብሉን ጨብጦ ቀዳዳውን የሚያሽግ መግቢያ ነው።
- ለብረት ቦክስ የጎማ ቀለበት እና ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የኧርዝ ሽቦ
- ባለ ብሎን የሽቦ ማያያዣ
- ሲሚንቶ እና አሸዋ፣ ጥቂት ሲሊኮን
- ጥርት ያለ ላስቲክ፣ ስፋቱ አንድ ክንድ ገደማ፤ የሚጠብቅ ፕላስተር
- ቤቱ ውስጥ ከሌለ፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ

የመጨረሻው ከሁሉም ውድ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ውዱን ቦክስ ትታችሁ እሱን ግዙ።

ደረጃ 1፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ላስቲኩን እርጥብ በሚመስለው ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ ከክፍሉ አየር ነው፤ እንፋሎት፣ ልብስ ማድረቅ፣ ተዘግቶ የሚውል መስኮት።

ለምን ይጠቅማል? መፍትሔው ስለሚለያይ። ከአየር የሚመጣ እርጥበት መስኮት በመክፈት ወይም የአየር መሳቢያ በመግጠም ይቀንሳል። ከግድግዳ የሚመጣው ግን አፈር ከውጭ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ አጠገቡ ያለ አበባ ውሃ እየጠጣ፣ አሸንዳ ተሰብሮ ወይም ቧንቧ ውስጥ ውስጡን እያንጠባጠበ ይሆናል። እሱ ሳይስተካከል የሚቀየር ቦክስ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይቀየራል።

ሰው የማይጠረጥረው ሦስተኛ መንገድም አለ። ኮንዲዩት ቱቦው ራሱ። ከጣሪያ በላይ ካለው የመብራት መግቢያ የሚወርደው ቱቦ አፉ ወደ ላይ ክፍት ከሆነ፣ ዝናቡን እንደ ቧንቧ አድርጎ ቦክሱ ውስጥ ያፈስሰዋል። ግድግዳው ደረቅ ሆኖ ሶኬቱ ብቻ ውሃ ካቀረረ ወደ ጣሪያ ቀና በሉ። መፍትሔው የቱቦውን አፍ ወደ ታች ማጠፍ ነው። ኬብሉም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘለስ ብሎ ይውጣ፤ ውሃው ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ አይገባም።

ቀዝቃዛ አካባቢ ላላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ወይም እንጦጦ አናት ላይ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ከቤት ውስጥ የሚወጣው ሞቃት አየር በቱቦው አልፎ ውጭ ያለው ቀዝቃዛ ቦክስ ጋ ሲደርስ ቦክሱን ያልበዋል። ዝናብ ሳይዘንብ ውሃ ይገኛል። ከቤት ወደ ውጭ የሚሄደውን ቱቦ በቤቱ በኩል ባለው አፍ፣ በሽቦዎቹ ዙሪያ፣ በጥቂት ሲሊኮን ድፈኑት።

ደረጃ 2፦ ኧርዝ መኖሩን አረጋግጡ

ዋናውን አጥፉና፣ ደረጃ 5 ላይ እንዳለው ፈትሻችሁ፣ አንድ ሶኬት ክፈቱ። ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ታስሯል? ካለ፣ ብሬከሮቹ ያሉበት ሳጥን ድረስ ይሄዳል? ከዚያስ መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረው ዘንግ ይደርሳል? ብዙ ቤት ሽቦው ሶኬቱ ላይ አለ፤ ሌላኛው ጫፉ ግን የትም አልታሰረም። ለዓይን ኧርዝ ነው፣ ለሥራ ግን ባዶ ነው።

ቀጥሎ ሶኬቱን መልሳችሁ ዝጉ፣ መብራቱን መልሱና ሶኬቱን ሳትፈቱ በመልቲሜትር ለኩ። ከፌዝ ወደ ኑትራል (ኤሌክትሪኩ ወደሚመለስበት ሽቦ) 220 አካባቢ ይነበባል። ከፌዝ ወደ ኧርዝ ያለውም ለዚያ መቅረብ አለበት። 90፣ 60 ወይም ዜሮ ካነበበ ኧርዙ ተቆርጧል። ተመሳሳይ ቢያነብ ደግሞ ተስፋ ሰጪ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። መልቲሜትር የሚፈልገው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ ደካማ ኧርዝ እንኳ ሊያታልለው ይችላል። ትክክለኛውን የሚነግረው የኧርዝ መለኪያ ነው፤ እሱን ኤሌክትሪሺያን ይዞ ይምጣ።

አምፖል በፌዝና በኧርዝ መካከል አስሮ «ከበራ ኧርዝ አለ» የሚለውን ዘዴ አትሞክሩት። ኧርዙ ተቆርጦ ከሆነ በአምፖሉ አልፎ የቤቱን የብረት ዕቃ ሁሉ በኤሌክትሪክ ትሞሉታላችሁ።

ኧርዝ ጥሩ ቢሆንም አርሲዲ ያስፈልጋል። ስሌቱን እዩት። የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦህም ነው እንበል፤ መጥፎ የሚባል አይደለም። ፌዙ የብረት ቦክሱን ሲነካ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ይፈስሳል። የ16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይጠፋም። ቦክሱ እንደነዘረ ይቆያል። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ግን ወዲያው ይቆርጣል። የብረት ቦክስን እርጥበት ባለበት ቤት ውስጥ አስተማማኝ የሚያደርገው ኧርዝና አርሲዲ አብረው ሲኖሩ ነው።

ደረጃ 3፦ ለቦታው የሚስማማውን ምረጡ

ኧርዝ በሌለበት ቤት ምርጫው አልቋል፤ ፕላስቲክ። ክዳኑም ፕላስቲክ ይሁን። ቦክሱን ፕላስቲክ አድርጎ ያማረ የብረት ክዳን የሚገጥም አለ። ክዳኑ ኧርዝ ካልታሰረለት የፕላስቲክ ቦክሱ ጥቅም ገደል ገባ።

ኧርዝና አርሲዲ ካለ ደግሞ ቦታውን እያያችሁ ወስኑ።

*የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ፣ ከታች እርጥበት የሚወጣበት።* ፕላስቲክ። በዚንክ የተለበጠ የብረት ቦክስ የሚዝገው ከተቆረጠበት ጠርዝና ለቱቦ ከተከፈተው ቀዳዳ ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ልባጡ የለም። ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ከሆነ ጠርዙ ሳስቶ ሳስቶ ብሎኑ የሚይዝበት ጆሮ ይወድቃል። ያኔ ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ በሽቦው ይንጠለጠላል።

*መታጠቢያ ቤት።* ፕላስቲክ፤ ከሁሉ በፊት ግን ቦታውን አርቁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ከበሩ ውጭ ማድረግ ከማንኛውም ቦክስ ይበልጣል። ሶኬት የግድ ከሆነ ከሻወሩ ሰሃን ጠርዝ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሰሃን የሌለው፣ ወለሉ በሙሉ የሚረጥብ ሻወር ከሆነ ከውሃው መውጫ ከዚያ እጥፍ አርቁት። የውሃ ማሞቂያው በግድግዳ ላይ በግልጽ የሚገጠም፣ የታሸገ ቦክስ ይሁንለት።

*ማድ ቤት።* እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ የተቃጠለ ቦክስ ያየሁት እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። 3,500 ዋት የሆነውን ለ220 ካካፈላችሁ 16 አምፔር ገደማ ነው። ይህ የተራ ሶኬት የመጨረሻ አቅሙ ነው። ደግሞ ጋገራ የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም። ለሰዓታት ይግላል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ በሁለት ሦስት ቀን እንደገና። በዚህ መሃል የሽቦው ብሎን ይላላል። የላላ ግንኙነት የበለጠ ይግላል። በላዩ የምጣዱ እንፋሎት አለ፤ የሶኬቱን መዳብ አረንጓዴ ያደርገዋል። መዳቡ ሲበላሽ ሙቀቱ ይጨምራል።

ኧርዝና አርሲዲ ካላችሁ ለምጣዱ መስመር የብረት ቦክስ አልቃወምም፤ ሙቀት ይችላል። ግን የላላ ብሎን በብረት ቦክስ ውስጥም የላላ ብሎን ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ምጣዱ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ መስመር እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ እና የ20 አምፔር ብሬከር። በሶኬት ፈንታም አቅሙ 20 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር በቀጥታ ይታሰር። ቦክሱም ከምጣዱ አናት ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን፤ እንፋሎት ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

*የላምና የዶሮ ቤት።* ፕላስቲክ፣ ያለ ክርክር። ከሽንትና ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ ዚንኩንም መዳቡንም ይበላል። ላም ደግሞ ከሰው ባነሰ ቮልቴጅ ትጎዳለች።

*ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት፣ መጋዘን።* ዕቃ የሚመታው ቦታ ከሆነ ብረት፣ ከኧርዝ ጋር። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቦክስ ሽቦውን ያጋልጣል፤ እርጥበት ሲጨመርበት የባሰ ነው።

*ውጭ፣ ፀሐይና ዝናብ።* የደጋው ፀሐይ ለቤት ውስጥ የተሠራን ፕላስቲክ በጥቂት ዓመት ያደርቀውና እንደ ብስኩት ይሰባብረዋል። ለውጭ ተብሎ የተሠራ፣ ፀሐይ የሚችል ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ የብረት ሳጥን ፈልጉ። በተቻለ መጠን ከጣሪያ ክፈፍ ስር ይሁን።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ላይ ፈትሹ

በግልጽ የሚገጠም ቦክስ ላይ አይ እና ፒ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ከሁለት ቁጥር ጋር ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ ጠጣር ነገርና አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። 44 የሚለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል። 55 በቱቦ የሚረጭበትን ውሃ ይችላል። 67 ለ30 ደቂቃ 1 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይችላል። ለቤት ውጭ 55 ይበቃል። 20 የሚል ከሆነ ለውሃ ምንም መከላከያ የለውም፤ ሁለተኛው ዜሮ ያንን ነው የሚለው።

ፕላስቲኩን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ትንሽ ታጥፎ የሚመለስ ጥሩ ነው። ቀጭ ብሎ የሚሰነጠቅ በተደጋጋሚ የቀለጠ ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም። ጥሩ ቦክሶች ላይ 650 ወይም 850 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ የጋለ ሽቦ ሲነካው እሳት እንዳያዛምት የተፈተነበት ሙቀት ነው። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ የነሐስ ጥርስ ካለው ምረጡት። ባዶ ፕላስቲክ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈታና ሲታሰር ይበላና ሶኬቱ ይወዛወዛል።

ብረቱን ደግሞ በጠርዙና በማዕዘኑ እዩ። መደርደሪያ ላይ እያለ ቀይ ነጥብ ካለበት ግድግዳችሁ ውስጥ ዕድሜ የለውም። የኧርዝ ብሎን ከሌለውም ተዉት።

ደረጃ 5፦ አጥፉ፣ ከዚያ ፈትሹ

ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ንገሩ። ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ «መብራት ጠፋ» ብሎ የሚያበራ ልጅ አይጠፋም።

ዋናውን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለው ሶኬት ላይ ሞክሩት። አምፖሉ መብራቱን አረጋግጡ። አሁን አጥፍታችሁ የምትሠሩበትን ፈትሹ። ከዚያ መልቲሜትሩን ከፌዝ ወደ ኑትራል፣ ከፌዝ ወደ ኧርዝ አድርጉት። የቴስተር ትንሽ አምፖል ተቃጥላ ከሆነ ሙሉ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ «ባዶ ነው» ትላችኋለች። እርጥብ ቦታ ላይ ደግሞ ባዶውን «አለ» ልትል ትችላለች። በእሷ ብቻ አትማመኑ።

ደረጃ 6፦ ቦክሱን ትከሉ፣ ግን በጄሶ አይደለም

ሁላችንም ቦክስ በጄሶ መትከል ለምደናል። ቶሎ ይደርቃል፣ ሥራው ይፈጥናል። ደረቅ ግድግዳ ላይ ምንም አይልም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ግን ጄሶ እንደ ስፖንጅ ነው። ውሃ ይስባል፣ ይዞ ይቆያል፣ ይለሰልሳል። ከብረት ጋር ሲሆን ዝገቱን ያፋጥነዋል። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አራት የብረት ቦክስ በጄሶ ተክዬ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ተጠርቼ ስሄድ የአንዱ ጀርባ እንደ ወረቀት ተበሳ። ልስኑ ላይ ቡናማ እድፍ ወጥቷል። ባለቤቷ «ግድግዳው ደም አነባ» ብላ ነበር የደወለችው። ቦክሶቹን በራሴ ኪሳራ ቀየርኩ።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀዳዳውን ከቦክሱ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቆፍሩ። የረጠበና የፈረፈረ ልስን ካለ እስኪጠነክር ድረስ አንሱት።
2. ብናኙን ጥረጉ፣ ትንሽ ውሃ እርጩ። ደረቅ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውሃ ከጠጣ አይይዝም።
3. አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አቡኩ። የቦክሱን ጀርባና ጎን ሙሉ በሙሉ ያልብሰው። ክፍተት ከቀረ ውሃ የሚያቁርበት ኪስ ይሆናል።
4. የቦክሱ አፍ ከልስኑ ጋር እኩል ይሁን። ወደ ውስጥ ከገባ ክዳኑ አይገጥምም፤ ወደ ውጭ ከወጣ በጀርባው ውሃ ይገባል።
5. የብረት ቦክስ ከሆነ የቆረጣችሁትን ጠርዝ ሁሉ ከመትከላችሁ በፊት ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ። የአሉሚኒየም ቦክስን እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ በፍጹም አትትከሉ፤ ሲሚንቶው ይበላዋል።
6. ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ሽቦ ማሰሩ ነገ ነው።

ደረጃ 7፦ ቱቦውና ኬብሉ የሚገቡበት

በግልጽ በሚገጠም ቦክስ ላይ ኬብሉ ከታች ይግባ። ከላይ የሚገባ ቀዳዳ፣ የቱንም ያህል ቢታሸግ፣ አንድ ቀን ያፈስሳል። ከጎን የግድ ከሆነ ኬብሉን ወደ ታች ዘለስ አድርጋችሁ ወደ ላይ መልሱት።

የከፈታችሁት ቀዳዳ ብዛት ከቱቦው ብዛት ጋር እኩል ይሁን። ትርፍ ቀዳዳ ለውሃ ብቻ አይደለም፤ በረሮና ጉንዳን ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳሉ።

ብረት ላይ የጎማ ቀለበቱን አትርሱ። የተቆረጠ ብረት ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። የሽቦውን ልባስ ቀስ በቀስ ይበጣዋል። እርጥበት ሲጨመር ፌዙ ቦክሱን አገኘ ማለት ነው።

ውጭ ያለ ቦክስ ከሆነ ደግሞ ሰው ሲሰማ የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ ዝቅተኛው ቦታ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ብሱ። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ቦክስም ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ አየር ይስባል፣ ያልበዋል፣ ውሃው መውጫ አያገኝም። አምራቹ ለመብሳት ምልክት ያደረገበት ቦታ ካለ እዚያው ላይ ይሁን። በውሃ ሊዋጥ የሚችል ቦታ ላይ ወይም ቀጥታ ውሃ በሚረጭበት ግን አትብሱ።

ደረጃ 8፦ ኧርዙን እሰሩ

የብረት ቦክስ ከሆነ ኧርዙ ሁለት ቦታ ይደርሳል፤ ለሶኬቱ እና ለቦክሱ ራሱ። ከማያያዣው ሁለት ጅራት አውጡ። አንዱ ሶኬቱ ላይ፣ ሌላው ቦክሱ ላይ ባለው የኧርዝ ብሎን። በሶኬቱ ብሎን በኩል ይነካካል ብላችሁ አትተማመኑ። ብሎኑ ሲዝግ ግንኙነቱ ይቋረጣል። የሚዝግ ቦታ ላይ መሆናችሁን አስታውሱ።

ቦክሱ ቀለም የተቀባ ከሆነ የኧርዙ ብሎን ስር ያለውን ቀለም ፋቁት፤ ቀለም አያስተላልፍም። ካሰራችሁ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ከላይ ቅባት ንኩት።

የፕላስቲክ ቦክስ ኧርዝ አይታሰርለትም። ሶኬቱ ግን ያስፈልገዋል። «ፕላስቲክ ስለሆነ» ብሎ የኧርዝ ሽቦውን ቆርጦ የሚጥል ሠራተኛ አጋጥሞኛል። ፍሪጁና ምጣዱ የብረት መሆናቸውን ረስቶታል።

ደረጃ 9፦ ሽቦውን እሰሩ፣ ዝጉ፣ ሞክሩ

ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እርጥበት ባለበት ቦታ አይሠራም። የናስትሮው ሙጫ ይለቃል፣ ውስጡ ውሃ ይይዛል። ባለ ብሎን ማያያዣ ተጠቀሙ። መዳቡ ከማያያዣው ውጭ አይታይ። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ሽቦውን ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ማያያዣውን ከቦክሱ ወለል ከፍ አድርጉት፤ ውሃ ቢያቁር እንኳ እንዳይደርስበት።

ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ኤሌክትሪኩ እንደጠፋ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሜገር (የሽቦ ልባስ መፈተሻ) ካለው በ500 ቮልት ይለካ። ከሶኬት የተሰካ ዕቃ ሁሉ ይነቀል። ከፌዝ ወደ ኧርዝ ቢያንስ 1 ሜጋኦህም መነበብ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ የሆነ ቦታ እርጥብ ነው ወይም ልባስ ተበጥቷል። መልቲሜትር ይህን አያሳይም፤ በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ ደካማውን ልባስ አይፈትነውም።

የክዳኑን የላይና የጎን ጠርዝ በሲሊኮን አሽጉ። የታችኛውን ጠርዝ ክፍት ተዉት። አራቱንም ጎን የሚያሽግ ሰው ውሃውን ከውስጥ ቆልፎበታል።

መብራቱን መልሱ። የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ። መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ዕቃው ሞቷል፤ ቀይሩት። ይህን በየወሩ፣ ቢያንስ ክረምት ሳይገባ አድርጉት።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኑትራልን ከኧርዝ ጋር ሶኬቱ ላይ ማገናኘት። ኧርዝ የሌለው ቤት «መፍትሔ» ተብሎ በየቦታው ይሠራል። ኑትራሉ ከቦርዱ ወይም ከምሶሶው ላይ የተቋረጠ ዕለት በቤቱ ያለ የብረት ዕቃ ሁሉ 220 ቮልት ይይዛል። ከዚህ ሁሉ ስህተት አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እንዲጠፋ የምፈልገው ይህን ነው።

የውሃ ቧንቧን ኧርዝ ማድረግ። ዛሬ አብዛኛው አዲስ ቧንቧ ፒፒአር ነው፤ ፕላስቲክ። የድሮ የብረት ቧንቧ ቢሆንም መንገድ ላይ በፕላስቲክ ተቀጥሎ ይሆናል። ያኔ የሚነዝረው ሻወር ላይ ያለው ሰው ነው።

አርሲዲው እየጠፋ ሲያስቸግር ነቅሎ ማለፍ። እየጠፋ ያለው ሥራውን ስለሚሠራ ነው። ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ እንዲያውም ውሃው የት እንዳለ እየነገራችሁ ነው። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ታገኙታላችሁ። አርሲዲው አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ኑትራሉም ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሺያን ይለየው።

ተራ የብረት ብሎን በፕላስቲክ ቦክስ ላይ። ቦክሱ አይዝግም፣ ብሎኑ ይዝጋል። በሦስተኛው ዓመት ክዳኑን ለመክፈት ስትሞክሩ ጭንቅላቱ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

አዲስ ልስን ወይም ቀለም ሳይደርቅ ሶኬት መግጠም። አዲስ ልስን ብዙ ውሃ ይለቃል። ሳምንታት ስጡት።

ግድግዳው ውስጥ የዛገ የብረት ቦክስ ካላችሁ

ሁሉም መነቀል የለበትም። መብራቱን አጥፍታችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነና ካቻቢቴ ሲነካው የማይበሳ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ፍቁት፣ ፀረ ዝገት ቀቡት፣ ኧርዙን በአዲስ ብሎን እሰሩ። ከተበሳ ወይም የብሎኑ ጆሮ ከተነቃነቀ ንቀሉት።

ስትነቅሉ ቦክሱን በመዶሻ አትምቱ፤ ሽቦው ጀርባው ላይ ነው። ዙሪያውን በመሮ ፈልፍሉ፣ ጎኑን በሴጌቶ ምላጭ ቁረጡ፣ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ አውጡት። ሽቦው ከቱቦው በሚወጣበት በኩል ልባሱን እዩ። ጠቁሮ ወይም ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሽቦውም ይቀየር፤ አዲስ ቦክስ አሮጌ ሽቦን አያድነውም።